የጋራ ድስታችን ጉዳይ
(ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ጥያቄ ለለቅሶ ቤት ወጥ የታሸገ በርበሬና የማጣፈጫ ኩብ እንግዛ ወይስ አንግዛ የሚል ነበር። ሁለቱንም ወገን ሰምተናል። ሥራ የሚውሉት እናቶች «በርበሬ ቀንጥሶ፣ ደልዞ፣ አስጥቶ ማስፈጨት ጊዜ ይፈጃል» ብለዋል፤ እውነት ነው። ትልልቆቹ ደግሞ «ወጥ የሚጣፍጠው በቁሌቱ ነው፤ ኩብ ምን ያደርግለታል?» ብለዋል፤ ይኸም እውነት ነው።

የእኛ ሐሳብ ይኸውላችሁ። የኩብ ትልቁ ድርሻ ጨው ነው። ከጋራ ድስት ደም ብዛት ያለበትም ይበላል፤ በለቅሶ ቤት ደግሞ «ምን ገብቶበታል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ኩቡ ይቅር። በርበሬና ሽሮ ግን ከምናውቀው ወፍጮ ተፈጭቶ ቢገዛ ምን ነውር አለው?

ሌላው የመጽሐፍ ነገር ነው። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ምግብ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውጥቷል፤ እሰየው! ታዲያ የየቤታችን የአርሲ ጭኮ፣ ገብሱ ስንት፣ ቅቤው ስንት እንደሆነ ማን ይጻፍልን? የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ልጆቻችን በደብተር ይጻፉ።

በሁለቱም ላይ እጅ እናውጣ።