ዘፈኑ የማን ነው?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ወሬ ይመስላል፤ ጠልቀው ሲመረምሩት ግን የእንጀራና የስም፣ የሕግና የፍትሕ ጥያቄ ያለበት ነው። ይኸውም ግጥሙን ራሱ ገጥሞ፣ ዜማውን ራሱ አውጥቶ፣ በራሱ ድምፅ እያዜመ፣ የማንም ኦርኬስትራ ተቀጣሪ ወይም የማንም አሳታሚ ጥገኛ ሳይሆን ሥራውን በቀጥታ ለሕዝብ ስለሚያቀርብ ድምፃዊ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እናስብ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ጅማ ሳይደርስ ከሚያቋርጣቸው ከተሞች አንዷ በኦሞ ናዳ ወረዳ የምትገኘው አሰንዳቦ ናት። በዚህች ከተማ አንድ ወጣት አለ እንበል። ስም አልሰጠውም፤ እንዲህ ያለው ወጣት በአጋሮም፣ በሰርቦም፣ በሊሙም አይጠፋምና። ይህ ወጣት አንዱን ዘፈን በኦሮምኛ ለሠርግ ጭፈራ በሚስማማ ምት ይደርሳል፤ ሁለተኛውን በአማርኛ በትዝታ ቅኝት ያንጎራጉራል፤ ሦስተኛውን ደግሞ በሬጌ ስልት ይሞክራል። በእጅ ስልኩ ቀርጾ ለአንድ ወዳጁ ይልካል፤ ወዳጁም ለወዳጁ ያስተላልፋል። ሳምንት ሳይሞላው ዘፈኑ በሚኒባስ፣ በቡና ቤትና በሠርግ ድንኳን ይሰማል። ሕፃን ሽማግሌው ያንን ዜማ ያውቀዋል፤ ደራሲውን ግን የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ዘፈኑ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። ደራሲነትንና ድምፃዊነትን በአንድ ሰው ላይ ማጣመር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን አዝማሪያችን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበረ። ግጥሙን በቦታው ይፈጥራል፤ ዜማውን ያወርዳል፤ ማሲንቆውን እየመታ ራሱ ያዜማል። አድማጩም «ተቀበል!» እያለ ስንኝ ያቀብለዋል። በዚያ ሥርዓት የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም ዘፈኑና ዘፋኙ አይለያዩም ነበር። አዝማሪው ሲሄድ ዘፈኑም አብሮት ይሄዳል፤ ሽልማቱም በዚያው ሌሊት ከእጁ ይገባል።

በኋላ ግን ዘመናዊው ኦርኬስትራ መጣና ሥራው ተከፋፈለ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ከዚያም የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ ባለሙያዎችን በደመወዝ ቀጥረው አሠሩ። አንዱ ግጥም ይጽፋል፤ ሁለተኛው ዜማ ይደርሳል፤ ሦስተኛው ለመሣሪያዎቹ ያቀናብራል፤ አራተኛው ያዜማል። ይህ አሠራር ትልቅ ጥቅም እንዳስገኘ መካድ አይገባም። ወጣቱ ከአንጋፋው ሥር ሆኖ ይማር ነበር፤ ደካማ ግጥም በባልደረቦች ፊት ይታረም ነበር፤ የወሩም ደመወዝ አይቀርም ነበር። ይሁን እንጂ ዘፋኙ ወታደር ወይም ተቀጣሪ በመሆኑ፣ የትና ምን እንደሚዘፍን የሚወስነው አለቃው ነበር፤ የዘፈኑም ዝና ከደራሲው ይልቅ ለድምፃዊውና ለክፍሉ ይሰጥ ነበር።

ሸክላ የማሳተም ሥራም ለረጅም ጊዜ በሀገር ፍቅር ልዩ መብት ሥር ቆይቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ልዩ መብት ደፍረው በግላቸው ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። የመጀመሪያው ሥራቸውም የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበረ። እስከ 1967 ዓ.ም. አካባቢ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን ለገበያ አቀረቡ። በዚህም ዘፋኝ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ድምፁን ለማሰማት የሚችልበት በር ተከፈተ። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ከካሴት በኋላ ሲዲ፤ ዛሬ ደግሞ ኢንተርኔት። በየደረጃው በዘፋኙና በአድማጩ መካከል የቆመው ሰው እያነሰ ሄደ። እነሆ ዛሬ የአሰንዳቦው ወጣት በአንድ ስልክ ደራሲም፣ ቀራጭም፣ አሳታሚም፣ አከፋፋይም ለመሆን ችሏል። በሌላ አነጋገር፣ ወደ አዝማሪው ዘመን ተመልሷል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አዝማሪው ሲሄድ ዘፈኑ አብሮት ይሄድ ነበር፤ የዛሬው ወጣት ግን ከቤቱ ሳይወጣ ዘፈኑ ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ዘፋኝ በብዙ ቋንቋና በብዙ ስልት መሥራቱ «ሁሉን ነክቶ አንዱንም አለመጨበጥ ነው» የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። ለእነዚህ ሰዎች የዶክተር ዓሊ ቢራን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዓሊ መሐመድ ሙሳ በድሬዳዋ የተወለዱ ሲሆን፣ ገና በልጅነታቸው አፍረን ቀሎ በተባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ካዜሙት ዘፈን የተነሣ «ቢራ» የሚለው ስም ወጣላቸው። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ወራት ነው። በኋላም በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ አገልግለው፣ ከዚያ ወጥተው በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ዑድና ጊታር እየተጫወቱ፣ ዜማ እየደረሱ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፈኑ። የሱዳንና የዓረብ ሙዚቃ ጣዕም በሥራቸው ውስጥ ይሰማል፤ ነገር ግን ማንም ሰው ሰምቶ የሌላ ሰው ድምፅ ነው አይልም። የስደትንም ኑሮ ቀምሰው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ሲያርፉ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሳይቀር አዘነላቸው።

ጅማ ራሷም ለዚህ ነገር ምስክር አላት። በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምረው፣ የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን አሜሪካ ምቶች ጋራ አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ስልት አስገኙ። እርሳቸው ድምፃዊ ሳይሆኑ ደራሲና ተጫዋች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ትምህርቱ አንድ ነው። ስልት መቀላቀል ጥፋት የሚሆነው የራስን ሳያውቁ የሌላውን ሲቀዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። የጅማን ቡና የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የብዙ ገበሬ ቡና በአንድ ጆንያ ተደባልቆ «ጅማ» በሚል አንድ ስምና በአንድ ደረጃ ሲሸጥ፣ ጥሩ አድርጎ የለቀመውና ያደረቀው ገበሬ ከቸልተኛው ጋራ እኩል ዋጋ ያገኛል፤ ስሙም ከጆንያው ውስጥ ይጠፋል። ይህንኑ ጉዳት በመገንዘብ ይመስለኛል፣ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቡና ከየት እንደ መጣ ታውቆ እንዲሸጥ መንገድ የከፈተው። ዘፈንም እንዲሁ ነው። የደራሲው ስም ከዘፈኑ ተለይቶ በየስልኩ ሲዛወር፣ ጎበዙ ደራሲ ከቀጂው አይለይም። ቀጂው ይከበራል፤ ደራሲው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ክራሩን ይሰቅላል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሻለ። በዚህ ሕግ መሠረት ወጥ የሆነ ዘፈን ተደርሶ ከተቀረጸ ጀምሮ ይጠበቃል፤ ደራሲው ማኅተም ያለበት ወረቀት እስኪያገኝ ድረስ መጠበቅ የለበትም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ጸንቶ ይኖራል። ስሙ ከሥራው ጋራ እንዲጠራለት የመጠየቅም መብት አለው። እንግዲህ የአሰንዳቦው ወጣት በስልኩ የቀረጸው ዘፈን በሕግ ፊት የእርሱ ነው። ችግሩ ይህን እርሱም የማያውቀው፣ እኛም የማናስበው መሆኑ ነው።

ዘፈንን በስልክ አማካይነት ለመሸጥ የተደረገ ሙከራም አለ። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና የሙያ ባልደረቦቹ አውታር የተባለውን መገበያያ ለሕዝብ አቅርበው ነበር። ኤልያስ ከጥቂት ወራት በኋላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ቢለይም፣ ያነሣው ሐሳብ ግን አልሞተም፤ ይኸውም አድማጭ ለዘፈን እንደ ዳቦው ሁሉ ጥቂት ሳንቲም ይክፈል፣ ክፍያውም ለሠራው ሰው ይድረስ የሚል ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ ብዙዎቻችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ሰዎች ናችሁና፣ «ይህ ነገር የፍርድ ቤትና የዘፋኞች ማኅበር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል እላለሁ። በመሥሪያ ቤታችሁ በዓል ሲከበር በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀውን ዘፈን የሚመርጠው ከእናንተ አንዱ ነው። ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለለስላሳ መጠጡ ውልና ደረሰኝ ሲዘጋጅ፣ ለዘፈኑ ግን አንዳች ነገር የማይጻፍበት በዓል ብዙ ነው። ወጣቱም ተጠርቶ ሲመጣ «ለስምህ ይጠቅምሃል» ተብሎ በነጻ ይዘፍናል፤ የስሙ ጥቅም የተባለውም የመድረክ መሪው ስሙን ሳይጠራ በመቅረቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልማድ ብናደርግ መልካም ነው። አንደኛ፣ ዘፈን በአደባባይ ስናሰማ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም እንጥራ። ሁለተኛ፣ ዘፋኝ ስንጋብዝ ዋጋውን አስቀድመን በጽሑፍ እንዋዋል፤ ትንሽም ብትሆን በበጀቱ ውስጥ ትግባ። ሦስተኛ፣ የማናውቀው ዘፈን ሲደርሰን ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት የማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ይህ ሁሉ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም፤ ጥቂት ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ለወጣቱም የምለው አለኝ። ራስን መቻል ማለት መምህር አለመፈለግ ማለት አይደለም። የቀድሞው ድምፃዊ በኦርኬስትራው ውስጥ የሚያርመው አንጋፋ ነበረው፤ አንተ ግን ብቻህን ነህና፣ ዘፈንህን ከመልቀቅህ በፊት ቋንቋ ለሚያውቅ ሽማግሌና ዜማ ለሚያውቅ ባለሙያ አሰማ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ስልኩ የሚያፈጥነው መላኩን እንጂ መብሰሉን አይደለም። ትዝታን ሳታውቅ ሬጌ፣ የሰፈርህን የሠርግ ዘፈን ሳትሰማ የባሕር ማዶ ምት አትጀምር። የግጥምህን ወረቀትና የመጀመሪያውን ቅጂ ቀኑን ጽፈህ አስቀምጥ፤ ክርክር ቢነሣ ምስክርህ እርሱ ነው። ዘፈንህን ለሌላ ስትሰጥም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ያላነበብኸው ወረቀት ላይም አትፈርም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለባለጸጋና ለጀግና ብቻ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ፣ ሰው በደስታውና በኀዘኑ ጊዜ የሚያንጎራጉረውን ዜማ የፈጠረ ሰውም ስም አለው። ገንዘቡን ወዲያው ለማስገኘት ባንችል፣ ስሙን መጥራት ግን ዛሬውኑ የምንችለው ነገር ነው። በሚመጣው እሑድ ሠርግ ቤት ተቀምጣችሁ የሚያምር ዘፈን ስትሰሙ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ይህን ማን ደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ቢጠፋ እንኳ፣ ጥያቄው ራሱ ለደራሲው የመጀመሪያው ክፍያ ይሆናል።