ጨለማ ክፍል ለዛሬው ፎቶግራፍ አንሺ



ዲጂታል ካሜራ ከተስፋፋ ወዲህ ስለ ጨለማ ክፍል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ናፍቆት ነው፤ ቀዩ መብራት፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ብቅ የሚለው ፊት ይወሳል። ናፍቆት ግን ለሙያ በቂ ምክንያት አይሆንም። በፍጥነት ዲጂታሉ እንደሚበልጥም አያከራክርም። የጨለማ ክፍል ዋጋ በሌላ በኩል ነው፤ ይኸውም ባለሙያውን ፍርድ ማስተማሩ ነው።

አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ፣ በሄርናንዴዝ መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ ሳለ ያነሣው ፎቶግራፍ ለዚህ ምስክር ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለ ነበር የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አጣ፤ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ ተነሥቶ አስልቶ አነሣ። ሁለተኛ ሊደግም ሲል በመቃብሮቹ መስቀሎች ላይ ያረፈው ብርሃን ጠፋ። የቀረው አንድ ኔጋቲቭ ነው፤ እርሱም የታችኛው ክፍሉ የሳሳ በመሆኑ ለማተም አስቸገረ። በ1948 ያንን ክፍል በመድኃኒት አጠነከረው። ከዚያ ወዲህ ኔጋቲቩ ያው ነው፤ ኅትመቱ ግን ያው አልሆነም። በቀደሙት ላይ ገርጣ ብሎ ደመና ይታይበት የነበረው ሰማይ በኋለኞቹ ወደ ጥቁር ተጠጋ። የተለወጠው የአታሚው ዓይን ነው።

በማጉያው ሥር እጁን ጣልቃ አስገብቶ ብርሃን የሚከለክል ሰው ሴኮንዱን አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ከተሳሳተ ወረቀቱ ይጣላል። በኮምፒዩተር የተሠራው በአንድ ጣት ይመለሳል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሁሉን መመለስ የለመደ ሰው ግን መቁረጥ ይከብደዋል። (በፎቶሾፕ የማንጫና የማጥቆሪያ መሣሪያዎች ስማቸውን የወረሱት ከጨለማ ክፍል መሆኑን ስንቱ ወጣት ያውቃል?)

ነገሩ አዳምስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአገራችን የቆዩ ፎቶ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ የሠርግ፣ የምረቃና የቤተሰብ ኔጋቲቮች ተከማችተዋል። ኔጋቲቭን በመስኮት ብርሃን አንሥቶ ማየት ይቻላል፤ ማንበብ ግን ልምድ ይጠይቃል። ቢጫው እድፍ ፊክሰሩ በውሃ በሚገባ ካለመታጠቡ የመጣ መሆን አለመሆኑን፣ ጥቁር የመሰለው ክፍል ዝርዝር መያዝ አለመያዙን የሚለይ ሰው ከሌለ፣ ስካነሩ የሚገለብጠው እድፉን ጭምር ነው።

ይህን የሚያውቁ አንጋፋዎች ሳሉ አንድ ማጉያ፣ ሦስት ሳህንና ውሃ ያለበት ክፍል ለወጣት አባላት ማዘጋጀት አይከብድም። የሚከብደው ወረቀቱንና መድኃኒቱን ከውጭ ማስመጣቱ ነው፤ ማኅበሩ ሊመክርበት የሚገባውም ይኸው ነው።