ማድ ቤታችንን እንዴት እናሻሽለው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው ሁሉ ስብሰባችን ብዙ ጊዜ ስለ ጥበቃ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ነው። ዛሬ ስለ ማድ ቤት እንድናገር ኮሚቴው ስለ ፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ወንዶች ስትሳሳቁ ይታየኛል። ሳቁ፣ ግን ስሙኝ፤ መጋዙንና መዶሻውን የምትይዙት እናንተው ናችሁ።

ለለቅሶም ለደስታም በየቤታችን ስለምንገባባ የማንተዋወቀው ማድ ቤት የለም። ሳሎኑ ኮርኒስ ተመትቶለታል፣ ባለ መስታወት ቡፌ ተገዝቶለታል፤ በቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ በዓመት አንዴም አይወጣም። ከጓሮ ያለው ማድ ቤት ግን ጥላሸት ለብሶ፣ ምድጃው መሬት ላይ፣ ሽንኩርቱ ከከሰሉ አጠገብ። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚሠራበት ክፍል የትኛው ነው? ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ወዴት መሄድ እንዳለበት እኔ አልጠራጠርም።

ሆኖም ኪችን ካቢኔት የሚባለውን ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሥራውን ተመልከቱ። ወጥ በሚሠራበት ሰዓት አንድ ልጅ በሩ ላይ ይቀመጥና ሠሪዋ ከቦታዋ ተነሥታ ዕቃ ወይም ውሃ ልታመጣ በሄደች ቁጥር አንድ ጠጠር ያስቀምጥ። በመጨረሻ ጠጠሩን ቁጠሩት። ማድ ቤት ሦስት ዋና ቦታ አለው፤ ይኸውም ውሃው፣ መክተፊያውና እሳቱ ነው። ሦስቱ ተከታትለው በአንድ ግድግዳ ወይም በአንድ ማዕዘን ላይ ከሆኑ ጠጠሩ በጣም ይቀንሳል። በብዙዎቻችን ቤት ግን ውሃው ደጅ በበርሜል፣ መክተፊያው ጉልበት ላይ፣ እሳቱ ደግሞ በወዲያኛው ጥግ ነው። ዕቃውን አዛውሮ ማስቀመጥ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ምድጃ ከመሬት መነሣት አለበት። መሄድ የጀመረ ሕፃን እጁ ቀድሞ የሚደርሰው መሬት ላይ ከተጣደው ድስት ነው። የሠሪዋም ወገብ እዚያው ላይ ታጥፎ ይውላል፤ እኔም እንጀራ ጋጋሪ ስለሆንኩ ይህን የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ብሎኬት ሁለት ረድፍ ደርድራችሁ ላዩን በሲሚንቶ ብትለስኑት የእንጨት ምድጃ ይቀመጥበታል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ረድፍ ይሻላል። መክተፊያው ጠረጴዛ ግን ከዚህ ከፍ ይላል፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ክንዳችሁን እጠፉ፣ ከክርናችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ልክ ነው። የሚለካው ደግሞ የምትሠራዋ እንጂ የአናጢው ቁመት አይደለም።

በእንጨት የምትጋግሩ ሦስቱን ጉልቻ ተዉት። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፓሚስ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ በአግባቡ ከተያዘ እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ጭሱ ግን ያለ መውጫ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ምግብ ሲበስል በሚወጣው ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። እናት ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ነው እንግዲህ። ስለሆነም ከምድጃው በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር፣ ዝናብ እንዳይገባም ከላዩ ክዳን ይደረግለት። በተቃራኒው ግድግዳ ዝቅ ብሎ ንጹሕ አየር የሚገባበት ሌላ ቀዳዳ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ አይበቃም። ከሰል ደግሞ ጭስ ባይኖረውም የሚገድል ጋዝ አለው፣ ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት አታንድዱት።

መደርደሪያውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ጥልቀቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ከኋላ የገባው ጣሳ ይረሳል። በየቀኑ የሚነሣው ዕቃ ከወገብና ከዓይን መካከል ይቀመጥ። ለበዓል ብቻ የሚወጣው ትልቁ ድስት ከላይ ይሁን። ሰፌዱንና አክንባሎውን ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ መደርደሪያ የሚያጣብቡት እነሱ ናቸው። በርበሬና ሽሮ ከእሳትና ከእንፋሎት ይራቅ፣ ድንች ጨለማ ቦታ ይሁን፣ አለዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ከምድጃው ራስ ላይ ግን ምንም አትስቀሉ፣ ፎጣም ቢሆን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን የሌለበት ቤት የለም፤ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ይመዝናልና ቦታው ታች ነው። በርሜሉን ግን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አውጡና ከሥሩ ቧንቧ አስገቡለት፣ ጀሪካኑ ከቧንቧው ሥር እንዲገባ።

ስለ መብራት አንድ ነገር። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ቴሌቪዥን የምትሰኩበት ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም፣ ይግላል፣ ይቀልጣል። ለምጣዱ ለብቻው ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሣ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በባለሙያ ይዘርጋ። «ጎረቤት ልጅ ይሠራዋል» አይባልም። የቡታጋዝ ሲሊንደርም ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አታስገቡት።

ቤታችሁ የመንግሥት ኪራይ ከሆነ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ። መደርደሪያ መምታትና ምድጃ ማንሣት ግን ግድግዳ አያስነካም።

በመጨረሻም ለአንድ ቤት ብቻ አናጢና ግንበኛ መጥራት ውድ ነው። አራት አምስት ቤት ሆናችሁ በአንድ ጊዜ ብትጠሩ፣ ብሎኬቱንም በአንድ መኪና ብታስመጡ ወጪው ይቀላል። የምትፈልጉ እስከ ወሩ መጨረሻ እኔ ዘንድ ተመዝገቡ። የማኅበሩ መሰላልና ውሃ ልክ ለአባላት በነፃ ይሰጣል፤ የምትወስዱት ፈርማችሁ ነው፣ ሲሚንቶ ሳይደርቅበትም አጥባችሁ መልሱ።