ጥያቄው ስለ ራሱ ሲጠይቅ

(በስቶክሆልም በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ለጨዋታ ያህል ሁለት ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። አንደኛው «የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አዎን ነውን?» ሲል፣ ሁለተኛው «የአንደኛው ጥያቄ መልስ አዎን ነውን?» ይላል። አብዛኞቻችን ወዲያው «ሁለቱም አዎን» ብለን ጻፍንና እርሳሳችንን አስቀመጥን። ዳሩ ግን ሁለቱም «አይደለም» ቢባሉ ያው ይስማማል። በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ «አዎን» የሚለውን ቃል በ«አይደለም» ብንለውጠው ደግሞ የሚስማማ መልስ ጨርሶ አይገኝም። እንግዲህ ስለ ራሱ በሚጠይቅ ጥያቄ፣ መልስ ላይ መድረስ የሥራው እኩሌታ ነው፤ የቀረው መልሱን ይዞ ወደ መነሻው መመለስና ጥያቄውን እንደገና መጠየቅ ነው። እኛ ይህን ሁለተኛውን እንዘላለን፤ በትምህርት ቤትም ስንዘለው ማንም አልቈጣንም።

ለዚህ ከምንኖርበት ከተማ የተገኘ ምሳሌ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 ወይም በ1944 እ.ኤ.አ.፣ የስዊድን ራዲዮ በሚመጣው ሳምንት የሲቪል መከላከያ ልምምድ እንደሚደረግ፣ ቀኑን ግን አስቀድሞ ማንም እንደማያውቅ አስታወቀ። በስቶክሆልም የሒሳብ መምህር የነበሩት ሌናርት ኤክቦም በማስታወቂያው ውስጥ እንቆቅልሽ መኖሩን አስተዋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ ልምምዱ ካልተደረገ እሑድ መሆኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ እሑድ ሊሆን አይችልም። እሑድ ከወጣ ቅዳሜ የመጨረሻ ቀን ይሆናልና እርሱም በዚያው ምክንያት ይወጣል፤ ዓርብም፣ ሐሙስም፣ እንዲሁ እስከ ሰኞ። ሰውዬው «ልምምድ የለም» ብሎ ይተኛል። ማክሰኞ ሌሊት ደወል ሲቀሰቅሰው ግን ሳያውቅ ተያዘ፤ ማስታወቂያውም እውነት ሆነ!

በዚህ ላይ ሁለት ምሽት ተከራክረናል፤ ቡናችንም ቀዝቅዟል። አር. ሾው የተባለ ጸሐፊ በ1958 እ.ኤ.አ. «ማይንድ» በተባለው የእንግሊዝ የፍልስፍና መጽሔት ላይ፣ ቀኑ አይታወቅም የተባለው ከምን ተነሥቶ እንደ ሆነ ጠይቋል። ከራሱ ከማስታወቂያው ተነሥቶ ከሆነ ቃሉ በራሱ ላይ ዞሮ ራሱን ያፈርሳል። ለእኛ የታየን ስሕተት ግን ከዚህ የቀለለ ነው። ሰውዬው «ልምምድ አለ» ከሚል ቃል ተነሥቶ «ልምምድ የለም» ከሚል ደረሰ፤ የተነሣበትን ክዶ መደምደሚያውን ብቻ ታቅፎ ተኛ።

ይኸው ነገር በአገራችን ሕግ ውስጥም ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 105፣ የምዕራፍ ሦስት መብቶች፣ አንቀጽ 104 እና ይኸው አንቀጽ ራሱ እንዴት እንደሚሻሻሉ ይደነግጋል፤ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል። ይህ ሥርዓት ይቅለል የሚል ወገን ቢነሣ፣ ማቅለል የሚችለው በዚያው በከባዱ ሥርዓት ነው፤ አንድ ክልል እምቢ ካለ ይቆማል። ሁሉም እሺ ቢሉስ? የዴንማርኩ የሕግ ሊቅ አልፍ ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት ስለ አገሩ ሕገ መንግሥት ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሚሽረው ከአሮጌው ነውና፣ መደምደሚያው መነሻውን ይክዳል።

ከመካከላችን ሕግ የሚያጠኑት ይህ በተግባር ማንንም አያግድም ይላሉ፤ ሒሳብ የምናጠናው አልተቀበልናቸውም። ለሚመጣው ስብሰባ አንቀጹን ከነሙሉ ቃሉ ይዛችሁ ኑ።