ሥርዓቱን ጠብቆ የሚለወጥ

ለሳይንስ ፋኩልቲ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር






 በምረቃ ጉባኤ የሚቆም እንግዳ እንደ ልማዱ ምክር ይሰጣል፤ እኔ ግን ምክር ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ ስትጠግቡ እንደ ኖራችሁ ስለማውቅ፣ የተሰጠኝን አጭር ጊዜ እናንተ በቤተ ሙከራ ለደከማችሁበት ለአንድ ነገር፣ ይኸውም ለፕሮቲን ጠባይና ታሪክ ላውለው ወድጃለሁ። ፍጥረት አሮጌውን ሳታፈርስ አዲሱን የምታበጅበት መንገድ ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ አላውቅምና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላመልክት።

ተመራቂዎቹ የሚያውቁትን ለወላጆች በአጭሩ ብናገር ይፈቀድልኝ። ፕሮቲን በሥጋችንና በደማችን፣ እንዲሁም በሣሩና በሻጋታው ውስጥ አብዛኛውን የሕይወት ተግባር የሚያከናውን ረቂቅ ነገር ነው። ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ቅደም ተከተል እየተያያዙ አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ሰንሰለቱም እየተጠማዘዘና እየታጠፈ የራሱን መልክ ይይዛል፤ ሥራውንም የሚሠራው በዚህ መልኩ ነው። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ሪቦኑክሊዬስ የተባለ ኢንዛይም ከእጥፋቱ ከፈታው በኋላ፣ ያለ ማንም ረዳት ተመልሶ ሲታጠፍና ሥራውን ሲቀጥል በማሳየቱ፣ መልክን የሚወስነው ቅደም ተከተሉ መሆኑን አስረዳ፤ በ1972ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ይህ ቅደም ተከተል የተጻፈው በዘረ መል ውስጥ ነው፤ ዘረ መልም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ አንድ ፊደሉ ይለወጣል። እንግዲህ ፊደሉ ዘወትር እየተለወጠ መልኩ እንደ ምን ጸንቶ ይኖራል? መልኩ ከጸናስ አዲስ ሥራ ከወዴት ይመጣል? የዛሬው ሐተታዬ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የተገኘው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ነው። ቪየና የተወለደው ማክስ ፔሩዝ በ1937 የፈረስን ሄሞግሎቢን፣ ማለት ደምን ቀይ የሚያደርገውንና ኦክሲጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን፣ በኤክስሬይ መመርመር ጀመረ፤ መልኩንም ያየው በ1959፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ድካም በኋላ ነበር። የሥራ ባልደረባው ጆን ኬንድሩ ደግሞ በጡንቻ ውስጥ ኦክሲጅን የሚያኖረውን ማዮግሎቢን ከዓሣ ነባሪ ሥጋ ወስዶ በ1958 መልኩን አሳየ። ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ ሁለቱ ባለ 141፣ ሁለቱ ባለ 146 አሚኖ አሲድ ናቸው፤ ማዮግሎቢን ግን ባለ 153 አንድ ሰንሰለት ብቻ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ የአንዱ በምድር የሚጋልብ፣ የሌላው በባሕር የሚጠልቅ እንስሳ ፕሮቲን ሲሆን፣ እጥፋታቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። የፊደላቸው፣ ማለት የአሚኖ አሲዶቻቸው፣ ቅደም ተከተል ከተነበበ በኋላም ልዩነቱ ከአንድነቱ እጅግ እንደሚበዛ ታወቀ፤ ሆኖም ኦክሲጅን የሚቀመጥባትን የብረት አቶም የምትይዘው ሂስቲዲን የተባለችው አሚኖ አሲድ በሁሉም ዘንድ ከስፍራዋ አልተነቀነቀችም። ከውጭ በኩል ያለው ፊደል ቢለዋወጥ እጥፋቱ ይታገሠዋል፤ በውስጥ ያለው ግን ሥራው የቆመበት ስለሆነ በቀላሉ አይነካም። በ1962 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ሊቃውንት በአንድነት ተሰጠ።

የጥንት የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ፣ የአንድ ድርሳን ብዙ ቅጂዎች በእጁ ሲገቡ፣ አንዱ ጸሐፊ የሳተው ቃል በየትኞቹ ቅጂዎች እንደሚገኝ እያስተያየ፣ የትኛው ከየትኛው እንደ ተቀዳ ይለያል። ኤሚል ዙከርካንድልና ላይነስ ፖሊንግ በ1960ዎቹ በሄሞግሎቢን ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የሰውና የቺምፓንዚ የሄሞግሎቢን ሰንሰለቶች ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፤ ጎሪላ በእያንዳንዱ ሰንሰለት በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፤ ፈረስ ግን በአጭሩ ሰንሰለት እንኳ በ18 ያህል ይለያል። ፍጥረታቱ ከተለያዩበት ዘመን ርዝመት ጋር የፊደላቸው ልዩነት እየበዛ መሄዱን ባስተዋሉ ጊዜ፣ ፕሮቲን የዘመን መቁጠሪያም ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ጃፓናዊው ሞቶ ኪሙራ ደግሞ በ1968 ከእነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ ለባለቤታቸው የሚጠቅሙም የሚጎዱም ሳይሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ የሚጸኑ እንደሆኑ አስረዳ። ይህ የዝምድና ምስክርነት የሰውን ክብር ያዋርድ ይሆን ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ቢኖር፣ ሳይንሱ የሚናገረው ስለ ሥጋ ተዋርሶ ብቻ መሆኑን፣ ስለ ነፍስ ግን ከሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንና ከዑለማዎች ላይ ፍርዱን እንዳልወሰደ በአክብሮት አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ሱሱሙ ኦኖ የተባለው ሊቅ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አዲስ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወለደው አንድ ዘረ መል ሁለት ሆኖ በተባዛ ጊዜ ነው፤ አንዱ ቅጂ የጥንቱን አገልግሎት ሳያቋርጥ ሲፈጽም፣ ሁለተኛው ከግዴታ ነጻ ሆኖ ይለወጣል። የሄሞግሎቢን ሁለቱ ዓይነት ሰንሰለቶች ከ400 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከአንድ አባት በዚህ መንገድ ተከፍለው ተባበሩ፤ በመተባበራቸውም አንደኛው ኦክሲጅን ሲይዝ ሌሎቹ ይበልጥ ለመያዝ የሚዘጋጁበት፣ አንደኛው ሲለቅም ሌሎቹ የሚለቁበት ጸጋ ተገኘ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ እናቶች ሁሉ የዚህ ምሥጢር ባለቤቶች ናችሁ፤ በማኅፀን ያለ ፅንስ ሳንባው ገና ስላልሠራ ኦክሲጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ነውና። ከተባዙት ቅጂዎች አንዱ የፅንሱ ድርሻ ሆነ፤ በዚህም ሰንሰለት በ143ኛው ስፍራ ሂስቲዲን በሴሪን ስለ ተተካ፣ ኦክሲጅንን እንዲለቅ የሚያስገድደው በደም ውስጥ ያለ ቅመም አጥብቆ አይይዘውም፤ ስለዚህ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ከእናቱ ሄሞግሎቢን ይልቅ ኦክሲጅንን ይስባል። ልጁም ከተወለደ በኋላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይህ ዓይነት ስፍራውን ለአዋቂው ዓይነት ይለቃል። እንደዚሁም በእንባችን ውስጥ የባክቴሪያን ቅጥር እየቆረጠ ዓይናችንን የሚጠብቀው ላይሶዛይም፣ በእናት ጡት ውስጥ የወተት ስኳር እንዲሠራ ከሚረዳው አልፋ ላክታልቡሚን ጋር የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ እጥፋታቸው አንድ፣ ግብራቸው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ይህ ቤተሰብ በእንስሳት ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ ወደ ባቄላ ማሳ ልውሰዳችሁ። ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንድ እግር ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ብትነቅሉ፣ አፈሩንም ብታራግፉ፣ በቀጫጭኑ ሥር ላይ የተለጣጠፉ ትንንሽ ጉብታዎች ታያላችሁ፤ አንዱን በጥፍራችሁ ብትሰነጥቁት ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ብሎ ይታያል። ጃፓናዊው ሂዴኦ ኩቦ በ1939 ይህ ቅላት የሄሞግሎቢን ወገን መሆኑን አስታወቀ። በጉብታው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡበት ኢንዛይም ኦክሲጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ያለ ኦክሲጅን መተንፈስ አይችሉም፤ ቀዩ ፕሮቲን እንግዲህ ኦክሲጅኑን ይዞ በልክ በልክ ያድላቸዋል። በሞስኮ ቦሪስ ቫይንሽቴይንና ባልደረቦቹ በ1975 ከግብጦ ሥር የተወሰደውን የዚህን ፕሮቲን መልክ ሲገልጡ፣ ያው ፔሩዝና ኬንድሩ ያዩት እጥፋት ሆኖ ተገኘ። ስንዴና ገብስ በተዘራበት ማሳ ላይ በዓመቱ ባቄላ ወይም ግብጦ የሚያፈራርቀው ገበሬያችን፣ መሬቱ ኀይሉን እንደሚያድስ ከአበው የተማረው እውነት መሠረቱ ከዚህ ላይ ነው።

ለውጥ ሁሉ ግን በረከት እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። ቨርነን ኢንግራም በ1950ዎቹ በካምብሪጅ እንዳሳየው፣ ባለ 146ቱ ሰንሰለት በስድስተኛው ስፍራ ላይ አንዷ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ብትተካ፣ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ቀዩን የደም ሴል እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ልጅ በጽኑ ይታመማል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰው ግን ከብርቱ ወባ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ወባ በሰፈነበት ቆላ ይህ ለውጥ ሳይጠፋ ኖረ። በአንታርክቲካ ውቅያኖስ ያሉ አንዳንድ ዓሦች ደግሞ ሄሞግሎቢንን ጨርሰው ጥለውታል፤ ኖርዌያዊው ዮሃን ሩድ በ1954 እንደ ጻፈው ደማቸው ቀለም የለውም። ብርዱ ውኃውን በኦክሲጅን ስለሚያበለጽገውና ልባቸው ስለ ሰፋ ሕይወታቸው ይቀጥላል፤ ወደ ሞቃት ባሕር የሚመለሱበት መንገድ ግን ተዘግቶባቸዋል። አንዲት ለውጥ ጸጋ ወይም መቅሠፍት መሆኗን የሚወስነው ባለቤቷ የሚኖርበት ስፍራ ነው።

ስፍራን ካነሣን የእኛ ደጋ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሂማላያን ተሻግሮ የሚበረው ባለ ጥቁር መስመር ራስ ዝይ፣ በአጭሩ ሰንሰለት በ119ኛው ስፍራ ፕሮሊን በአላኒን በመተካቱ ሄሞግሎቢኑ በቀጭን አየር ውስጥ ኦክሲጅንን አጥብቆ ይይዛል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች በበኩላቸው የሄሞግሎቢናቸውን ብዛት ከፍ ያደርጋሉ። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት ግን፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩት የእኛ ሰዎች የሄሞግሎቢናቸው መጠንም፣ ደማቸው የሚሸከመው የኦክሲጅን ድርሻም፣ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ይህ እንደ ምን እንደሚሆን ሳይንስ ገና ተናግሮ አልጨረሰም፤ ጥያቄው በእኛው ደም ውስጥ ያለ ነውና፣ መልሱ ከእናንተ መካከል ከሚወጣ መርማሪ እጅ ቢገኝ የተገባ ይሆናል።

ዛሬ በኮምፒዩተር ኀይል የፕሮቲንን መልክ ከቅደም ተከተሉ መተንበይ ተችሏል፤ ለዚህም ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 የኖቤል ሽልማት ከዴቪድ ቤከር ጋር ተካፍለዋል፤ የተተነበየው መልክም ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን መንክር ያዩ ወጣቶች የፔሩዝ ሃያ ሁለት ዓመት ከንቱ ድካም ነበር ሊሉ ይችላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ያ የኮምፒዩተር መሣሪያ የተማረው ሊቃውንት ከ1971 ጀምሮ በአንድ መዝገብ ካከማቹት መልክ ነው፤ የሚተነብየውም የአንድን ፕሮቲን ዘመዶች ፊደል ጎን ለጎን በማስተያየት ነው። የትናንቱ ድካም ባይጠበቅ ኖሮ የዛሬው ፍጥነት ባልተገኘ ነበር።

የተወደዳችሁ ተመራቂዎች፤ እስከ አሁን ከተናገርሁት የምታስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን፣ አዲስ ግብር የሚወለደው የጥንቱ አገልግሎት ሳይቋረጥ መሆኑን አስታውሱ። ነባሩን ሙያ ሳይጨብጥ ሊለውጠው የሚቸኩል ሰው፣ ብረቷን የያዘችውን ሂስቲዲን እንደ መንቀል ያህል ያፈርሳል፤ የተቀበለውን ብቻ እየደገመ ምንም የማይሞክር ደግሞ ስፍራው በተለወጠ ቀን መንገድ ያጣል። ስለዚህ የተማራችሁትን በምልአት ያዙ፤ ከያዛችሁም በኋላ ለመሞከር አትፍሩ፤ ብዙው ሙከራ ፍሬ ሳይሰጥ ቢቀር ተስፋ አትቁረጡ፤ በፍጥረትም ዘንድ ከለውጥ አብዛኛው እንዲሁ ያልፋልና።

ክቡራን የዩኒቨርሲቲው ኀላፊዎች ደግሞ፣ የዕለት ማስተማሩ ሳይጓደል፣ ወጣት መርማሪዎች ከግዴታ ነጻ ሆነው የሚሞክሩበትን ጥቂት ጊዜና ጥቂት ገንዘብ እንዳትነፍጓቸው አደራ እላለሁ። ይህ ሳይደረግ አዲስ እውቀት ከዚህ ቤት ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ለወላጆች እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ፤ ለተመራቂዎችም እንኳን ደስ ያላችሁ። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።