ጥይት ከጠመንጃ በፊት
ለአደን ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት ስለ መምረጥ የቀረበ ንግግር



በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ከምዕራቡ ዳገት የወረደው ደገኛ፣ የአካባቢው የኦሮሞ ገበሬ፣ አርጎባው ነጋዴና ከአዋሽ በኩል ግመሉን እየነዳ የመጣው አፋር በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከእነዚህ ገበያተኞች አንዱ በሕግ ፈቃድ የያዘውን የአባቱን በልጅግ በባለሙያ እጅ ወደ አደን ጠመንጃ ሊያስለውጥ አሰበ እንበል። ለጠመንጃ ሠሪው በቅድሚያ የሚነግረው ስለ ሰደፉ እንጨት፣ ስለ መነጽሩ ወይም ስለ አፈሙዙ ርዝመት ሳይሆን አይቀርም። መቅደም የሚገባው ጥያቄ ግን፣ ይህ ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት የትኛው ነው? የሚለው ነው።

ጠመንጃ በመሠረቱ በጥይት ዙሪያ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ጥይቱ የሚቀመጥበት ቤት በቀለሃው ልክ ይቦረቦራል፤ የኋላው መቀርቀሪያ ፊት በቀለሃው ቂጥ ስፋት ይወሰናል፤ የካዝናው ርዝመት የጥይቱን ሙሉ ቁመት ይከተላል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ቦይ ጥምዘዛም ከአረሩ ርዝመት ጋር ይስማማል። ጠመንጃው ካለቀ በኋላ ጥይት የሚፈልግ ሰው ጣሪያውን ሠርቶ መሠረት እንደሚቆፍር ሰው ይቆጠራል።

የአገራችን ልማድ ጠመንጃን በስሙ ማወቅ ነው። ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ መሣሪያ ውጅግራ ሆነ፤ ስናይደር ስናድር ተባለ፤ ማንሊኸር ምንሽር፣ የቤልጅግ ማውዘር ደግሞ በልጅግ ተብሎ ቀረ። የጥይቱ ስም ግን በዚያው መጠን አልተለመደም። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ቁጥር 8 ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የፈረንሳይ ለበል፣ የኦስትሪያው ማንሊኸርና የጀርመኑ ማውዘር ሁሉም «8 ሚሊሜትር» ይባላሉ። ነገር ግን የለበሉ ቀለሃ ከንፈሩ 16 ሚሊሜትር፣ የማንሊኸሩ 14 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ የማውዘሩ ከንፈር የሌለውና ቂጡ 12 ሚሊሜትር የሆነ ነው። አንዱ በሌላው ቤት ሊገባ አይችልም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በማውዘሩ ወገን ያለው ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተጀመረው አረር 8.1 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ በ1905 የተተካው ሹል አረር 8.2 ሆነ። ቀለሃው ያው ስለ ሆነ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ያለ ችግር ይጎርሳል። ችግሩ የሚመጣው ቃታው ሲሳብ ነው፤ ሰፊው አረር በጠባቡ ቱቦ ሲገደድ የጋዙ ግፊት ጠመንጃው ከተሠራበት ልክ ያልፋል፤ የሚሰነጠቀው ብረትም ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው። የ1888ቱ ጠመንጃ በአገራችንም ስለ ነበረ ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም።

(በአገራችን ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ የዋለበት ዘመን እንደ ነበረ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ሳንቲም ይሰጥና ይቀበል ነበር። ገበያተኛው ጥይቱን ይቆጥራል እንጂ አይለካውም።)

ወደ ሰንበቴው በልጅግ እንመለስ። ይህ ጠመንጃ የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ማሠልጠን በጀመሩበት በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ የገባ፣ ለ7.92 በ57 ጥይት የተሠራ ማውዘር ነው። የማውዘር መቀርቀሪያ በዓለም ዙሪያ በትእዛዝ ለሚሠሩ የአደን ጠመንጃዎች እንደ መሠረት ሲያገለግል ኖሯል፤ ስለዚህ የባለቤቱ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ምርጫው በሦስት ጥይቶች መካከል ነው። 7.92 በ57 ሙሉ ቁመቱ እስከ 82 ሚሊሜትር፣ 7 በ57 እስከ 78፣ ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለው የአሜሪካ 7.62 በ63 ደግሞ ወደ 85 ሚሊሜትር ይደርሳል። የሦስቱም ቀለሃ ቂጥ 12 ሚሊሜትር ገደማ ስለ ሆነ የመቀርቀሪያውን ፊት መለወጥ አያሻም። የሠላሳ-ዜሮ-ስድስቱ ቁመት ግን ካዝናውን ማስረዘምና አረሩ የሚያልፍበትን መንደርደሪያ መሞረድ ሊጠይቅ ይችላል። የሚሞረደው ብረት ደግሞ መቀርቀሪያው ተደግፎ ግፊቱን በሚሸከምበት ስፍራ አጠገብ ነው። በዚያ ስፍራ ሞረድ ከማንሣት በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል።

ብዙ ሰው ግን ጥይትን የሚያወዳድረው በጉልበቱ ነው። ይህ መለኪያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ስሌቱ ያሳያል። የውጅግራ አረር 25 ግራም ሲመዝን በሰከንድ 455 ሜትር ይወጣል፤ ጉልበቱ 2,590 ጁል ገደማ ነው። የጣሊያኑ የ6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ አረር 10.5 ግራም ሆኖ በ700 ሜትር ይወጣል፤ 2,570 ጁል ይሆናል። የጥንቱ 7 በ57 ደግሞ በ11.2 ግራምና በ700 ሜትር 2,740 ጁል ይሰጣል። ሦስቱም በወረቀት ላይ እኩያ ናቸው። ሆኖም አንድ አዳኝ በ200 ሜትር ላይ የቆመን ድኩላ 150 ሜትር መስሎት ቢተኩስ፣ የአየር መከላከልን ትተን ስናሰላ፣ የውጅግራው አረር ካነጣጠረበት 24 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ የ7 ሚሊሜትሩ ግን 10 ሳንቲሜትር ብቻ ይወርዳል። የመጀመሪያው እግር ይሰብራል ወይም ከሆድ በታች ያልፋል፤ ሁለተኛው በደረት ውስጥ ይቀራል። በርቀት ግምት የማይሳሳት አዳኝ ስለሌለ ከጉልበቱ ይልቅ ይህ ልዩነት ይመዝናል።

ከሰንበቴ ወደ ምዕራብ ሲወጣ ገደልና ጥሻ ነው፤ ሰስና ድኩላ የሚገኙት በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ሜዳው እየሰፋ ወደ አዋሽ ይዘልቃል፤ ከርከሮው በዚያ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ የቆሰለ አውሬ ተከትሎ መድረስ አይቻልም፤ ለጅብ ይቀራል። ስለዚህ የአረሩ ሥሪት ከፍጥነቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ለጦር ሜዳ የተሠራው፣ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነው አረር በእንስሳው ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል፤ እንስሳውም ሮጦ ከዐይን ይሰወራል። ለአደን የሚያስፈልገው አፍንጫው ተከፍቶ የሚሰፋ አረር ነው። አሮጌ የጦር ጥይት ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ ለአደን የሚገዛ ሰው ትርፉ ምን እንደ ሆነ በገደሉ አፋፍ ላይ ይረዳዋል።

በዚህ ላይ ዎልተር ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። በምሥራቅ አፍሪካና በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ጠረፍ ሲያድን ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖችን የገደለ ሲሆን፣ አብዛኛውን የሠራው በ7 በ57 ነበር። ይሁን እንጂ ቤል የዝሆንን የራስ ቅል እየሰነጠቀ የአንጎሉን ቦታ ያጠና ሰው ነበር፤ ሽፍን አረር የመረጠውም ለዚሁ ነው። ከቤል ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት የአረር አቀማመጥ እንጂ በትንሽ ጥይት ጎሽ መግጠም አይደለም። ለጎሽ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 375 ማግነም ተገቢ ነው። ቁመቱ ግን ከ91 ሚሊሜትር በላይ፣ የቂጡ ስፋትም 13.5 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ለበልጅጉ አይሆንም፤ ሌላ ጠመንጃ ይጠይቃል።

የደጋ አጋዘን ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን ከላከው ናሙና ተነሥቶ በ1910 ሊደከር በሳይንስ ስም ሰየመው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በአርሲና በባሌ ተራሮች 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይኖራል። በ3,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አረሩ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ በቆላ የተስተካከለ መነጽርም በደጋ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። በተቃራኒው የቆላ ሙቀት የባሩዱን ግፊት ይጨምራል። በብርዳማ አገር እስከ ግፊት ወሰኑ ድረስ የተሞላ ጥይት በአዋሽ ዳር ፀሐይ ላይ ከዋለ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። የእንግሊዝ ሠሪዎች ለሞቃት አገር በተለይ ትልቅ ቀለሃና ዝቅተኛ ግፊት ይመርጡ የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው። የደጋና የቆላ ገበያተኛ ለሚገናኝበት አገር ሰው ደግሞ ያው ጠመንጃ በሁለቱም ስፍራ ይዞራል፤ ስለዚህ እስከ ጥግ ያልተሞላ ጥይት ይሻለዋል።

እንግዲህ በልጅጉ ምን ይጉረስ? ቱቦው ተለክቶ 8.2 ሚሊሜትር ከሆነና ቦዩ ካልተበላ በ7.92 በ57 መቆየቱ ይመረጣል። የጦሩ ከባድ አረር 12.8 ግራም ሆኖ በ750 ሜትር ገደማ ሲወጣ ጉልበቱ 3,600 ጁል ይሆናል፤ በዚሁ ክብደት የሚሰፋ አረር ከተመረጠለት ከከርከሮ እስከ ደጋ አጋዘን ይበቃል። የሠላሳ-ዜሮ-ስድስት 11.7 ግራም አረር በ820 ሜትር 3,930 ጁል ይሰጣል፤ ለዚህ ልዩነት ሲባል ጠንካራውን ብረት መሞረድ አያዋጣም። ኤም ዋን የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ከኮሪያ ዘማቾች ጀምሮ ይህን ጥይት በአገራችን ማስለመዱ እውነት ነው፤ ያም የጦር አረር እንጂ የአደን አልነበረም። ቱቦው ካረጀ አዲሱ ቱቦ ለ7 በ57 ቢሠራ መልካም ነው፤ ርግጫው ለስላሳ ነው፤ ከካዝናው ጋርም አይጣላም። በትከሻው ሕመም ምክንያት ቃታ ሲስብ ዐይኑን የሚጨፍን አዳኝ በ3,900 ጁል ከሚስት በ2,740 ጁል ቢመታ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱ ይረጋገጥ። ጠመንጃው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ አደኑ ደግሞ በዱር እንስሳት ሕግ ይገዛል። እጅግ የተመረጠ ጥይት በፈቃድ የማይገኝ ከሆነ ጠመንጃው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሥራው ሲጠናቀቅም ጠመንጃ ሠሪው በቱቦው ላይ የጥይቱን ሙሉ ስም እንዲቀርጽ ይታዘዝ፤ «8 ሚሊሜትር» ብሎ እንዳይተው፣ «7.92 በ57፣ አረር 8.2» ብሎ በጉልህ ይጻፍ። ጠመንጃው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ጽሕፈቱ አብሮ ይተላለፋል።