በእኛ በጋ የሚከርሙ ወፎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተፈጥሮ ጥናት ክበብ አባሎች ስም የተነገረ)



ስለ ወፍ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ወፍ ለማየት ሱሉልታ ድረስ ምን ያስኬዳል? በየካ ቁራ ጠፍቶ ነውን?» አሉን። ቁራስ አልጠፋም፤ እንዲያውም ያ ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጅ መሆኑን የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኛ የሄድነው ግን ለእንግዶቹ ነው።

«ወፎች በክረምት ወደ አፍሪካ ይሰደዳሉ» የሚለውን በመጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ሐምሌን አያስብ። ክረምቱ የአውሮፓና የሰሜን እስያ ነው፤ የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነውና። በዚያ ኩሬው በረዶ ሆኖ ሲጠጥር፣ ነፍሳቱም ሲጠፉ፣ ወፉ የሚለቅመው ስለሚያጣ ወደ እኛ ይመጣል።

በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዞ እንጦጦን ለተሻገረ ሰው የሱሉልታ ሜዳ ከፊቱ ይዘረጋል። በእንጦጦ ደቡብ የወረደው ዝናብ በአቃቂ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው ግን በሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሜዳው ለጥ ያለ ስለ ሆነ ውሃው ሳይቸኩል ይተኛበታል፤ ረግረጉም ከዚህ የመጣ ነው።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ከመምህራችን ጋራ ስንሄድ መነጽራችን ሁለት ብቻ ስለ ነበረ በተራ አየን። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬ ውሃውን እያጠለለ ይበላል። ከሁሉ ይልቅ የወደድነው ግን ሆዱ ቢጫ፣ ጅራቱን ዘወትር የሚነቀንቅ ትንሽ ወፍ ነው። ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጥቶ እነሆ ከላም እግር ሥር ይሮጣል። ላሟ ሣሩን ስትረግጥ የሚነሣውን ዝንብና ፌንጣ ይለቅማልና። እረኛው ልጅ እኛ በመነጽር የምንፈልገውን ሁሉ በጣቱ ያሳየን ነበር።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ባለቤት አለ፤ እርሱም ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ አገር የለውም። የምንሠጋውም ይልቁን ለእርሱ ነው። ዳክዬው ረግረጉን ቢያጣ ወደ ሌላ ውሃ ይበር ይሆናል፤ ዝዩ ግን ከደጋው ወጥቶ ወዴት ይሂድ?

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ለወፎች ዋና ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው 69 ሥፍራዎች አንዱ የሱሉልታ ሜዳ ነው። መዝገብ ግን አጥር አይደለም። ዛሬ በሜዳው ላይ ቤትና ፋብሪካ ይሠራል። እኛ ቤት መሥራትን አንነቅፍም፤ ብዙዎቻችን የምንኖረው ትናንት ማሳ በነበረ ሰፈር ነው። ነገር ግን ረግረግን እንደ ባዶ መሬት መቁጠር አልገባንም። የከተማችን የወተት ላሞች ከሚበሉት ድርቆሽ ከፊሉ ከዚያው ሜዳ የሚታጨድ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የወፍ ብቻ አይደለም።

የውሃ ወፎች በብዙ አገሮች በየዓመቱ በጥር ይቈጠራሉ፤ ይህም ቈጠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የተጀመረ ነው። ክበባችንም ለራሱ በአንድ ደብተር መመዝገብ ጀምሯል። እኛ በሰኔ ስለምንሰናበት ደብተሩን ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች እናስረክባለን። ከወላጆች መካከል መነጽር ያለው ለጥር ቢያውሳቸው በደኅና ይመልሱለታል።